የኢንቨስትመንት መጽሐፍ ወይስ የሥራ አያያዝ መጽሐፍ? የትኛውን አስቀድመን እናንብብ?

በነቀምቴ አጥቢያችን አንድ ወጣት መምህር አለ። ባለፈው ክረምት ከእሑድ አምልኮ በኋላ ሰው ሁሉ ሲወጣ እርሱ ወደ ኋላ ቀረና ከቦርሳው ሁለት መጻሕፍት አውጥቶ አግዳሚው ላይ አስቀመጠልኝ። ሁለቱም በእንግሊዝኛ የተጻፉ፣ በፎቶ ኮፒ ተባዝተው የተጠረዙ ናቸው። (የፎቶ ኮፒው ነገር ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ያስፈልገዋል፤ ለዛሬ ልለፈው።) "ፓስተር፣ መጽሐፍ ሻጩ ሁለቱንም አይቼ አንዱን እንድመልስለት ፈቅዶልኛል። ገንዘቤ የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ነው። እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ይገዙ ነበር?" ሲል ጠየቀኝ።

አንደኛው መጽሐፍ ቤንጃሚን ግራሃም የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1949 ያሳተመው «ዘ ኢንተለጀንት ኢንቨስተር» ነው። ገንዘብን በአክሲዮንና በቦንድ ላይ ስለ ማዋል የሚያስተምር ነው። ሁለተኛው ዴቪድ አለን እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተመው «ጌቲንግ ቲንግስ ደን» ሲሆን፣ የተከመረ ሥራን እንዴት በሥርዓት እንደምንይዝና እንደምንጨርስ የሚያስረዳ ነው።

እንደ አገልጋይ ፈጥኖ ወደ አፌ የመጣው መልስ "አስቀድመህ መጽሐፍ ቅዱስህን አንብብ" የሚል ነበር። ነገር ግን ልጁ መጽሐፍ ቅዱሱን እንደሚያነብ አውቃለሁ፤ የጠየቀኝም ሌላ ነገር ነው። "እስከ ረቡዕ ስጠኝ" አልኩትና ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ መልስ ነው፤ በየከተማው ተመሳሳይ ጥያቄ ያላቸው ብዙዎች እንዳሉ ስለማውቅ ሰፋ አድርጌ ጻፍኩት።

ጥያቄው የስግብግብነት ጥያቄ አይደለም

በአብያተ ክርስቲያናችን ስለ ገንዘብ ሲነሣ አንዳንዶቻችን "ይህ የዓለም ነገር ነው" ብለን ፊታችንን እናዞራለን። ሌሎቻችን ደግሞ ከመድረክ እጥፍ ድርብ እንደምንቀበል ሲነገረን እልል ብለን ኪሳችንን እንገለብጣለን፤ ዓመቱ ሲያልቅ ግን የሚቀረን ብድር ነው። ጌታ ኢየሱስ ግንብ ሊሠራ ስለ ወደደ ሰው ሲናገር ተቀምጦ ወጪውን ማስላትን እንደ ተራ ማስተዋል አድርጎ ነው ያቀረበው (ሉቃ. 14፥28-30)። ማስላት አለማመን አይደለም።

ደግሞም ዘመኑ ያስገድደናል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም ለቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ እንዲሆን አደረገ። በ2014 ዓ.ም ግን የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። እንግዲህ እናስላው፦ 10,000 ብር በባንክ ያስቀመጠ ሰው ከዓመት በኋላ 10,700 ብር አገኘ፤ ባስቀመጠበት ቀን በ10,000 ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ ግን ከ13,000 ብር በላይ ሆኖ ጠበቀው። ሰውየው ገንዘቡን አላባከነም፣ አልጠጣበትም፣ አልተሰረቀምም። ሆኖም ደኸየ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

በሌላ በኩል ቀድሞ ያልነበረ በር ተከፍቷል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን ለሕዝብ ለሽያጭ አቀረበ። የአንዱ ዋጋ 300 ብር ሲሆን አንድ ሰው ሊገዛ የሚችለው ትንሹ መጠን 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር፤ የሚገዛውም በቴሌብር ነበር። ሽያጩ ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ፣ የገዢዎቹም ቁጥር ከ47,000 በላይ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በአዲስ አበባ ሥራውን በይፋ ጀመረ። እንግዲህ የነቀምቴ ወይም የጊምቢ መምህር ስልኩን ይዞ የትልቅ ድርጅት ባለ አክሲዮን ሊሆን የሚችልበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ልጁ ስለ ኢንቨስትመንት ማንበብ ቢፈልግ ምን ያስገርማል?

እርግጥ አክሲዮን ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ.ም ሲመሠረት 486 ባለ አክሲዮኖች 24.2 ሚሊዮን ብር አዋጥተው ነበር። ከዚያ ወዲህ በወለጋ ከተሞች የባንክ አክሲዮን የገዙ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን አብዛኛዎቻችን የገዛነው ዘመድ ስለ ነገረን ነው። የገዛነውን ባንክ የዓመት ሪፖርት ከፍተን ያነበብን ስንት ነን?

የግራሃም መጽሐፍ ምን ይላል?

ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1929 በጀመረው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ውድቀት ብዙ ገንዘብ ያጣ ሰው ነው። ስለዚህ መጽሐፉ በአንድ ጀምበር ስለ መክበር የሚያወራ አይደለም፤ ይልቁንም ስላለመክሰር ነው ቢባል ይቀላል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ኢንቨስተርንና ቁማር መሰል ነጋዴን ይለያል። ኢንቨስተር የሚባለው አስቀድሞ መርምሮ፣ ዋናው ገንዘብ እንዳይጠፋ ተጠንቅቆ፣ ተመጣጣኝ ትርፍ የሚጠብቅ ሰው ነው። ይህን ያላሟላ ሁሉ፣ ቢሳካለትም እንኳ፣ ቁማሩ ሠመረለት እንጂ ኢንቨስት አላደረገም።

ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ አንድ ምሳሌ አለ፤ በእኛ አገር አነጋገር ልንገራችሁ። አንተና ጎረቤትህ ጊምቢ ላይ የጋራ ወፍጮ ቤት አላችሁ እንበል። ጎረቤትህ ስሜቱ ተለዋዋጭ ነው። ደስ ባለው ቀን በጠዋት መጥቶ "ድርሻህን በዚህ ዋጋ ልግዛህ" ብሎ ከፍ ያለ ገንዘብ ይጠራል። በከፋው ቀን ደግሞ "ሁሉም ነገር አልቆለታል፣ የእኔን ድርሻ በርካሽ ውሰድልኝ" ይላል። ወፍጮው ግን ያው ወፍጮ ነው፤ የሚፈጨውም እህል ያው ነው። ግራሃም ይህን ጎረቤት "ሚስተር ማርኬት" ይለዋል። ሲጠቅምህ ትገበያየዋለህ፣ ሳይጠቅምህ ሰላምታ ሰጥተህ ትሸኘዋለህ፤ የእርሱ ስሜት ግን የንብረትህን ዋጋ አይነግርህም።

በሃያኛው ምዕራፍ ደግሞ ስለ መጠባበቂያ ልክ ያስተምራል። ዕቃው ይገባዋል ከምትለው ዋጋ በጣም ዝቅ ባለ ዋጋ ግዛ፤ ግምትህ ቢሳሳት እንኳ አትወድቅም ነው ነገሩ። የቡና ነጋዴዎቻችን ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። የነቀምቴን ቡና በውድ ሰብስቦ ዋጋው ሲወርድ ቤቱን የሸጠ ነጋዴ ታሪክ በየቤቱ አለ። የግራሃም ተማሪ የነበረው ታዋቂው ባለ ሀብት ዋረን ባፌት አንባቢዎች ለእነዚህ ለስምንተኛውና ለሃያኛው ምዕራፎች ልዩ ትኩረት እንዲሰጡ መክሯል፤ እኔም ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ ለወለጋ አልተጻፈም። ግራሃም ከገንዘብህ ከ25 እስከ 75 በመቶ በአክሲዮን፣ የቀረውን በቦንድ አድርግ ሲል የብዙ ዓመት ሒሳባቸው የታተመ በሺህ የሚቆጠሩ ድርጅቶች ያሉበትን አገር እያሰበ ነው። የእኛ ገበያ ገና ሕፃን ነው። ሌላም ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም በምዕራብ ኦሮሚያ ለሦስት ወራት ያህል ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደ ነበር እናስታውሳለን። መንገድ የሚዘጋበት፣ ሰው ከቀዬው የሚፈናቀልበት ጊዜም አይተናል። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚኖር ቤተሰብ በቶሎ የሚደርስበት ጥቂት ገንዘብ፣ እህልና የታመነ ዕቁብ ሳይኖረው በስልክ ውስጥ ባለ አክሲዮን ላይ ቢደገፍ አልመክረውም።

በአንድ ነገር ግን መጽሐፉ ዛሬውኑ ያስፈልገናል። "በቀን ይህን ያህል ይከፍላል፣ ሰው ስታመጣ ደግሞ ይጨመርልሃል" በሚል የስልክ ወሬ የሚያስፈራ ገንዘብ ያጡ ምእመናን አጋጥመውኛል። ወሬውን ያመጣላቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ የኅብረቱ ወንድም ወይም እኅት ነው። የግራሃም የመጀመሪያ ምዕራፍ ብቻ ያን ገንዘብ ያድን ነበር።

የአለን መጽሐፍስ?

የዴቪድ አለን መሠረታዊ ሐሳብ አእምሮአችን ለማሰብ እንጂ ለማስቀመጫ አልተሠራም የሚል ነው። ቃል የገባነው፣ ያልጨረስነው፣ "ኋላ አደርገዋለሁ" ያልነው ሁሉ በውስጣችን ክፍት ሆኖ ይቀርና ሌሊት ያነቃናል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉንም ከጭንቅላት አውጥቶ ወረቀት ላይ ማስፈር፤ ከዚያ ስለ እያንዳንዱ "ይህ ምንድን ነው? ከእኔ የሚጠበቅ ነገር አለ?" ብሎ መጠየቅ፤ ከሁለት ደቂቃ በታች የሚፈጅ ከሆነ እዚያው ማድረግ፤ የሌላ ሰው ሥራ ከሆነ ለባለቤቱ መስጠት፤ የቀረውን በየቦታው መመደብ። በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ ቁጭ ብሎ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ማየት።

እኔን ይበልጥ የነካኝ "ቀጣዩ ተግባር" የሚለው ትምህርቱ ነው። "የልጄን የልደት ምስክር ወረቀት ማውጣት" ብለህ ብትጽፍ ወረቀቱ ላይ ለወራት ይተኛል። ምክንያቱም ይህ ሥራ ሳይሆን የብዙ ሥራዎች ስብስብ ነው። ቀጣዩ ተግባር "ሰኞ ጠዋት ቀበሌ ሄጄ ምን ምን እንደሚጠየቅ መጠየቅ" ነው። እግር ሊራመድበት የሚችል ነገር እስኪሆን ድረስ መቆራረስ አለበት።

ይህም መጽሐፍ ቢሆን ለአሜሪካ ቢሮ የተጻፈ መሆኑ ያስታውቃል። የፋይል መሳቢያዎች፣ የማይጠፋ መብራት፣ በቀጠሮ የሚመጣ ሰው ያስባል። በእኛ አገር ለቅሶ ሲሆን ቀጠሮ አለኝ የሚል የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ስለዚህ እኔ ከመጽሐፉ ለራሴ የወሰድኩት አንድ ተራ ደብተርና "የምጠብቀው" የሚል አንድ ገጽ ነው። ማን ምን ሊያደርግልኝ ቃል ገባ? ማን ምን ተበደረ? ለማን መልስ እጠብቃለሁ? ነገር ሁሉ በሰው በኩል በሚሠራባቸው እንደ ነቀምቴ፣ ነጆ፣ ደምቢ ዶሎና ሻምቡ ባሉ ከተሞች ከመጽሐፉ ሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው ይህ ገጽ ይመስለኛል።

የጣሪያው ገንዘብ

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ቤተ ክርስቲያናችን ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጣሪያ ማደሻ ገንዘብ ሰበሰበች። ምእመናን ከደመወዛቸው፣ ከቡናቸው፣ ከጉልት ንግዳቸው ሰጡ። አንዲት እናት ዶሮዎቻቸውን ሸጠው አመጡ። ገንዘቡ ያን ጊዜ ለሙሉ ጣሪያው ይበቃ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አለፈ። ገንዘቡን የነካው የለም፤ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ባንክ ተቀምጧል። በዚያ ዘመን የጻፍናቸውን ቃለ ጉባኤዎች ሰሞኑን አውጥቼ አነበብኳቸው። በአንዱ "ክትትል እንዲደረግ ተወስኗል" ይላል። በሚቀጥለው "ጉዳዩ በትኩረት ይታያል" ይላል። በሦስተኛው ደግሞ "ክትትሉ እንዲቀጥል"። ማን እንደሚከታተል አይናገርም። መቼ እንደሆነ አይናገርም። የጎደለው ግምበኛ ጠርቶ ጣሪያውን ማስለካትና የዕቃ ዝርዝር ማስወጣት ብቻ ነበር፤ ይህም የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ስድስት ሰዎች ነበርን፤ እያንዳንዳችን ሌላው ያደርገዋል ብለን አሰብን። እኔም አሰብኩ። በመጨረሻ ተነሥተን የቆርቆሮና የእንጨት ዋጋ ስንጠይቅ ገንዘቡ ለግማሹም አልበቃ አለ። የፊት ለፊቱን ብቻ አደስን። ዶሮ ሸጠው የሰጡት እናት የሚቀመጡት በኋለኛው በኩል ነው። ዝናብ ሲመጣ አሁንም ባልዲ ከጎናቸው ያስቀምጣሉ። አንድ ቀን እንኳ ወቅሰውኝ አያውቁም።

ይህን ታሪክ ለወጣቱ መምህር ነገርኩት። ያን ገንዘብ የበላው የዋጋ ንረት ነው፤ ያ የግራሃም መጽሐፍ ጉዳይ ነው። ለንረቱ በሩን ከፍቶ የጠበቀው ግን የእኛ ሥራ አለመያዝ ነው፤ ይህ ደግሞ የአለን ነው። ያን ጊዜ በግራሃም ትምህርት የተካነ ሰው በኮሚቴው ቢኖር እንኳ "ክትትል እንዲደረግ" ተብሎ ይጻፍለት ነበር። ሁለቱ መጻሕፍት የሚገናኙት እዚህ ላይ ይመስለኛል። በቤታችንም ቢሆን የምናጣው ገንዘብ ቢቆጠር፣ ያልሰበሰብነው ብድር፣ ቀኑ ያለፈበት ግብር ቅጣት፣ በጊዜ ያልታደሰ ፈቃድ፣ ያልተጻፈ የዕቁብ ሒሳብ ትልቁን ቦታ ይይዛል እላለሁ።

"ሥራን በዝርዝር መያዝ የፈረንጅ ነገር ነው" የሚሉኝ አሉ። ወገኖች፣ የከተማችንን ታሪክ እናስታውስ። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ሁለቱም በልጅነታቸው በባርነት የተሸጡ ነበሩ። ሆኖም አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ እ.ኤ.አ. በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። ያ ሥራ በስሜት ብቻ አልተሠራም። አስቴር የቋንቋውን ቃላትና ተረቶች እየሰበሰቡ በጽሑፍ ያሰፍሩ ነበር፤ ኦኔሲሞስም በዚያ ሀብት እየተረዱ ይተረጉሙ ነበር። ሁለቱ ባዘጋጁት የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍም ሕፃናት ፊደል ቆጠሩ። ኦኔሲሞስ በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥተው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1931 ድረስ በዚሁ አገለገሉ። አንድ ቃል ዛሬ፣ አንድ ቃል ነገ እየተባለ ነው መጽሐፍ ቅዱስ ያለቀው። ሙሴም ቢሆን ሕዝቡን ሁሉ ብቻውን ሊዳኝ ከጠዋት እስከ ማታ ሲቀመጥ ሥራን ማከፋፈል ያስተማሩት አማቱ ዮቶር ናቸው (ዘጸ. 18)።

አባቶቻችንም ሁለቱንም ያውቁ ነበር። ደቦ ምንድን ነው? ዛሬ የማን እርሻ፣ ነገ የማን እንደሆነ ሁሉም የሚያውቅበት የሥራ ሥርዓት ነው። ዕቁብም በዋስ የታሰረ ገንዘብ ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ ዕቁብ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ ገንዘብ ስለ ጠፋ ሳይሆን ጸሐፊው በጊዜ ስላልጻፈ፣ ዳኛውም ስላልጠየቀ ነው።

እንግዲህ ማን የትኛውን ያንብብ?

ቡና የሚነግዱ፣ ከውጭ አገር ተመልሰው ገንዘብ የያዙ፣ የጡረታ ወይም የመሬት ካሳ በአንድ ጊዜ የተቀበሉ ሰዎች ግራሃምን ያንብቡ፤ ሙሉውን ባይችሉ አንደኛውን፣ ስምንተኛውንና ሃያኛውን ምዕራፍ። አክሲዮን ሊገዛ ወረፋ የያዘም ሰው እንዲሁ፣ ከመግዛቱ በፊት። መጽሐፉ ከባድ ነው፤ እንግሊዝኛውም አሮጌ ነው። ስለዚህ የወጣቶች ኅብረት አንድ ላይ አንብቦ በኦሮምኛ ቢወያይበት ከአንድ ሰው ብቻውን ከመታገል ይሻላል።

ለመምህራን፣ ለነርሶች፣ ለወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በተለይም ለእኛ ለአገልጋዮችና ለሽማግሌዎች ግን የአለንን አስቀድሙ እላለሁ። በወሩ መጨረሻ የሚተርፍ ገንዘብ የሌለው ሰው ስለ አክሲዮን ቢያነብ ምኞቱ ይበዛል እንጂ የሚያውለው ነገር የለውም። ያልተፈጸመ ቃል ግን ሁላችንም አለን።

ረቡዕ ማታ ልጁ መጣ። ምክር ከመስጠቴ በፊት ሁለት ነገር ጠየቅኩት። "ወንድሜ፣ በወር መጨረሻ ምን ያህል ይተርፍሃል?" አልኩት። ሳቀ። "አሁን በዚህ ሰዓት ከአንተ አንድ ነገር የሚጠብቁ ስንት ሰዎች አሉ?" አልኩት። ይህን ሲቆጥር ግን አልሳቀም። ያልታረሙ የሁለት ክፍል ፈተናዎች፣ ለመዘምራን ሊገለብጥ የወሰደው መዝሙር፣ እርሱ ጸሐፊ የሆነበት የመምህራን ዕቁብ ደብተር፣ ደምቢ ዶሎ ላሉት እናቱ ሊደውልበት የነበረ ጉዳይ። ጣቶቹ አልበቁትም። የአለንን መጽሐፍ ገዛ፤ የግራሃምን እኔ ገዛሁትና ለቤተ ክርስቲያናችን ገንዘብ ያዥ ሰጠኋቸው።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የአለንን መጽሐፍ ከልጁ ለሁለት ሳምንት ተውሼ ነበር። ትናንት መንገድ ላይ አግኝቼው እንዴት እየሄደለት እንደሆነ ስጠይቀው ፈገግ ብሎ ደብተሩን ከፈተልኝ። "የምጠብቀው" በሚለው ገጽ የመጀመሪያው መስመር ላይ "ፓስተር፦ መጽሐፌ" ይላል። ቀኑም ተጽፏል፤ አንድ ወር ከአምስት ቀን ሆኖታል። የፊታችን እሑድ እመልስለታለሁ።